ጭንቅላት የሌለው እባብ

ንጋት፣ ጋሸና

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። መገንጠያው ላይ ሹፌሮች ሞተር እያሞቁ ሻይ ይጠጣሉ። እኔም ትኩስ ፓስቲ በሻይ አወራርጄ የላሊበላው ሚኒባስ ውስጥ ተሸጎጥኩ። ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ፣ "ለጉብኝት ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ ለእባብ ስብሰባ።"

"እባቦቹም ይመጣሉ?"

"ኧረ አይመጡም።"

"ታዲያ ከማን ጋር ልትስማሙ ነው!" ብለው ሳቁ። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ሳቃቸው አልለቀቃቸውም፤ እኔ ደግሞ ገደሉን እያየሁ "ኧረ ጋሼ፣ መንገዱን!" እላለሁ።

ረፋድ፣ ላሊበላ

የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው፣ እባብ በስክሪኑ ላይ ተደርድሯል። የምታስረዳው ዶክተር ሕይወት ናት፤ ጉራ የላትም። የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ ደም ነው አለች። ፈረሱን በትንሽ በትንሹ መርዝ ይወጉታል፣ ሰውነቱ ያበጀውን መከላከያ ከደሙ ይወስዳሉ። ጣጣው፣ ለአንዱ እባብ የተሠራ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለብዙ ዓይነት መርዝ የሚሆን አንድ መድኃኒት እየተፈለገ ነው። "እስከዚያው የእባቡን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል" አለች። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እባብ የነደፈው ሰው በአዳራሹ አልነበረም፤ አልተጋበዘማ።

ከሰዓት፣ ብልባላ

ዶክተሯ የብልባላን ጤና ጣቢያ ልትጎበኝ ስትሄድ ተከተልኳት። አቧራው ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ገና ከመኪና ሳንወርድ ጎረቤታሞች ቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ቃሬዛው ላይ ጥሩዬ የምትባል፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ተኝታለች። ጤፍ ስታጭድ እባብ ነድፏት ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ አብጧል፣ ጣቶቿም ጠቁረዋል። ባሏ አቶ በሪሁን ማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ሙሽራ ይዘው የመጡ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ገቡ።

"መቼ ነው የነደፋት?" አለች ዶክተሯ።

"ጧት፣ ጤዛው ሳይረግፍ።"

"እስካሁን የት ነበራችሁ ታዲያ?"

"እባቡን ስንፈልግ! ካቡን አፍርሰን ነው ያወጣነው። ዓይነቱ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይታወቅ ተብለን ተምረናል እኮ።" ከረጢቱን ዶክተሯ እግር ሥር ዘረገፉት።

ወፍራም፣ ዝንጉርጉር እባብ ነው። ከአንገቱ በላይ ግን የለም።

"ጭንቅላቱስ?"

አቶ በሪሁን በጥያቄው ተገረሙ። "ቀጠቀጥነዋ! ራሱ ሳይቀጠቀጥ እባብ ተገደለ ይባላል እንዴ? የጭንቅላቱን ፍርስራሽም ቀብረነዋል። ቄሱም ቆመው አይተዋል።"

ሳቄ መጣ። ከጥሩዬ ድድ ደም ሲወርድ ሳይ ግን በራሴ አፈርኩ።

ዶክተሯ እባቡን ተራምዳ ወደ ቃሬዛው ሄደች። "እብጠቱና ደሙ ይነግረኛል፤ የእፉኝት መርዝ ነው። እባቡ ምን ያደርግልኛል፣ አባቴ? እሷን ብቻ ነበር ማምጣት!" ጤና ጣቢያው ማርከሻ የለውም። ጥሩዬንና ባሏን በመጣንበት መኪና ጭነን ወደ ላሊበላ ተመለስን።

አመሻሽ፣ ላሊበላ

ሆስፒታሉ ውስጥ ማርከሻ ተገኘ፤ እግዜር ሲረዳ ደግሞ ለእፉኝት የሚሆነው ነው። ደሙ ቆመ። ጥሩዬ ተረፈች፤ ሁለት ጣቶቿ ግን መቆረጣቸው እንደማይቀር ሐኪሙ ነገራት።

አቶ በሪሁን ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። "ያ በመንገድ የነገርሽኝ፣ ለሁሉም እባብ የሚሆነው መድኃኒት ቢደርስ ኖሮ..." አሉ ለዶክተሯ።

"እሱ ገና ነው፣ አባቴ። ቢደርስም እኮ ሰው ቶሎ ካልመጣ አይሠራም። ይህን አጥብቀን ያልነገርናችሁ እኛ ነን።"

ጥሩዬ ዓይኗን ገለጠች። "ጧቱን ብታመጡኝ ጣቶቼ ይተርፉ ነበር?"

ዶክተሯ ባልየውን አየች፣ እኔን አየች።

"ሳይተርፉ አይቀሩም ነበር፣ እህቴ።"

አቶ በሪሁን ደህነኛውን እጇን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ጥሩዬ እጇን አንሶላው ውስጥ ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።