ባሏን ምንጣፍ የቀማት ሴት

የጸሐይወርቅን ባል የወሰደባት ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ፣ ምን ማድረግ እንዳለባት አይጠፋትም ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትሄድና ፀጉር ለፀጉር ትያያዛለች፤ ለዚህ የሚሆን ክንድም አንደበትም አላት። ነገር ግን ገብረየስን በየምሽቱ የሚወስዱባት ዐሥራ ስምንት ወንዶችና አንድ ትልቅ ምንጣፍ ነበሩ። ከዐሥራ ስምንት ወንድ ጋር ፀጉር ለፀጉር መያያዝ አይቻልም፤ ግማሾቹማ መላጣ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው። በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ተደራርበው መጡና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ሙቀት ይጾም ጀመር። የሱዳን ሰው ደግሞ በረመዳን ቤቱን ዘግቶ አይበላም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ በየቤታቸው የተሠራውን በትሪ ተሸክመው ይወጡና መንገድ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው አብረው ያፈጥራሉ። በዚያ ያለፈ መንገደኛ፣ እግረኛም ይሁን ባለመኪና፣ ሳይበላ አይለቀቅም። ደግነት ነው፤ ማንም ደግነት አይደለም አላለም። ችግሩ የገብረየስ ሥራ ራክሻ መንዳት መሆኑ ነው። ራክሻ እኛ ባጃጅ የምንለው ነው፤ በር የለውም። በር በሌለው ነገር ተቀምጦ በደግ ሰዎች መሀል ማለፍ ደግሞ የማይሞከር ነው።

ጸሐይወርቅ ከጎንደር ወጥታ ካርቱም ከገባች ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሥራዋ ሪያድ ሰፈር፣ መኪናው እንኳ የራሱ ክፍል ባለው አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ምግብ ማብሰል ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤተሰብ ስታበላ ትውልና፣ በጭንቅንቅ ሚኒባስ ዓባይን ተሻግራ ስትመለስ የራሷን ታበላለች። ይህችን የማታዋን ሰዓት በምንም አትለውጣትም።

ቤቱ አንድ ትልቅ ሳሕን አለው፤ አራቱም የሚበሉት ከዚያው ነው። ሳሕኑ ደግሞ ሕግ አለው። ልጆቹ ተወልደው ያደጉት እዚያው ስለሆነ አማርኛቸው እንደ ሰፈሩ መንገድ ጉድጓድ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ዐረብኛ ሳይቀላቅል አንድ ሙሉ ነገር በአማርኛ የተናገረ ልጅ ከእናቱ እጅ ይጎርሳል። የዘጠኝ ዓመቷ ልደት ብልሃቱን ቶሎ ደረሰችበትና «ዛሬ ፀሐይ ወጣች። ፀሐይዋ ሞቀች። ፀሐይዋ ገባች» እያለች በአንዲት ፀሐይ ሦስት ጊዜ ትጎርሳለች። የስድስት ዓመቱ ነቢዩ «እማዬ፣ እኔ ዛሬ» ብሎ ይጀምርና የቀረውን በዐረብኛ አንደቅድቆ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ለእሱ ግማሽ ጉርሻ ይሰጠዋል።

የገብረየስ ተራ መጨረሻ ላይ ነው። ገብረየስ ዝምተኛ ሰው ነው። እንጀራውን በዝግታ ጠቅልሎ፣ ወጡን አጥቅሶ፣ የሕፃን ጡጫ የምታህል ጉርሻ ያዘጋጅና ሚስቱን ያጎርሳታል። ከዚያ በኋላ ጸሐይወርቅ ለረጅም ጊዜ መናገር አትችልም። «ካርቱም ጸጥ የምትለው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው» ይላል፤ ልጆቹም በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቃሉ። እሷ አፏ ስለሞላ በዓይኗ ትቆጣዋለች። በሠርጋቸው ቀንም ያጎረሳት እንዲሁ ነበር፤ ቄሱ ፊት ልትታነቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ወዲህ ሲጣሉም ሲታረቁም ያቺ ጉርሻ ቀርታባት አታውቅም።

እስከዚያ ረመዳን ማለት ነው። ገብረየስ ራክሻውን የያዘው በግንቦት ነው። ቀድሞ ቡሪ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ በረመዳን ከቀትር በኋላ ቤቱ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚጣደፈውና ራክሻ የሚፈለገው ልክ ከማፍጠሪያው በፊት ነው። በመጀመሪያው ማታ እያገሳ ገባ። ጸሐይወርቅ ሳሕኑን ዘርግታ ጠብቃለች። ምን ሆንክ ብትለው፣ ሐጅ ኦመር ያዙኝ አላት።

ሐጅ ኦመር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። የመንገዱ ምንጣፍ ሹም እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ባቡር እንደሚያስቆም ሰው መንገዱ መሀል ይቆሙና፣ የራክሻውን መሪ ጨብጠው፣ «ዐለይ ጠላቅ፣ ሳትበላ አታልፍም!» ይላሉ። ሳትበላ ብታልፍ ሚስቴ ትፈታ ማለታቸው ነው። ሱዳን ውስጥ እንግዳ እምቢ ሲል የሚወረወርበት የመጨረሻው መሐላ ይህ ነው።

«ሰውዬው በአርባ ዓመት ትዳራቸው ማሉብኝ» አለ ገብረየስ። «የሰው ቤት ላፍርስ?»

«የሰው ቤት ስታቆም የራስህን አየኸው?» አለችው።

ጾሙንስ ብትለው፣ የበላሁት ፉልና ተምር ብቻ ነው አለ። ጢሙ ግን ፉል ፉል አልሸተታትም። ያ በእሱና በእመቤታችን መካከል ያለ ጉዳይ ነው። የእሷ ክስ ሌላ ነበር።

ገብረየስም አልተኛም፤ ለማምለጥ ያልሞከረው ነገር የለም። በመስጊዱ ጀርባ ዞረ፤ እዚያም ምንጣፍ አለ። በዳቦ ቤቱ በኩል መጣ፤ እዚያም ተያዘ፤ ከዚያ ሲለቀቅ ደግሞ ሐጅ ኦመር ጠበቁትና በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ በላ። ሌላ ቀን ፊቱን በጥምጣም ሸፍኖ አንገቱን ደፍቶ ቢያልፍ ታሟል ብለው አወረዱት፤ ደግፈው አስቀምጠው ከወትሮው እጥፍ አበሉት። በሳምንቱ ሱሪው ጠበበው። ጸሐይወርቅ ወገቡን እየለካች ሱሪውን ስታሰፋ፣ በገዛ እጇ የጠላቷን ሥራ የምትሠራ መሰላት።

ከሁሉ የባሰው የነቢዩ ነገር ነው። አባቱን ለመቀበል ብሎ ይወጣና እሱም እዚያው ሐጅ ኦመር ጉልበት ሥር ቁጭ ብሎ ይበላል። እየዋለ ሲያድር የያዛት ግማሽ ዓረፍተ ነገርም ከአፉ ጠፋች። ትልቁ ሳሕን ላይ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ልደት ስለ ፀሐይዋ ብታወራም የሚስቅላት የለም።

የፍልሰታ ፍቺ ደረሰ። ጸሐይወርቅ ሽንኩርቱን የከተፈችው ሳይነጋ፣ ሥራ ከመሄዷ በፊት ነው። መዳሟን ለምና ቀደም ብላ ወጣችና ዶሮ ሠራች፤ አራት እንቁላል ጨመረችበት፣ ለአራት አፍ። ጠዋት ባሏን ዛሬን እንኳ አደራ ስትለው፣ ዛሬማ ፀሐይ ሳትጠልቅ እገባለሁ ብሎ ነበር።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» ብላዋለች። ልቧ ግን አምኖት ነበር፤ የሴት ልብ ተቀጥቶ የማይማረው በዚህ ነው።

አንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ አዛን ተሰማ። ከአዛኑ በኋላ የራክሻው ድምፅ ከሩቅ መጣ። ጸሐይወርቅ ድምፁን ከሺህ ራክሻ ትለየዋለች፤ ያስላል። እያሳለ ቀረበ፣ ቀረበና ጸጥ አለ። ልደት በሩን ገርበብ አድርጋ አየች።

«እማዬ፣ ያዙት» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ነቢዩም እዚያው ነው።» ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አንዲት ትንሽ ሳሕን ይዛ ወጣች። «ሁለታችን ብቻ ከሆንን ይቺ አትበቃንም?»

ልጅቱ ለነገር አላለችውም፤ እናቷን ማጠብ ልታቀልላት ነው። ጸሐይወርቅ ግን ያቺን ትንሽ ሳሕን ስታይ አንድ ነገር ውስጧ ተበጠሰ። ዛሬ ባሏ፣ ዛሬ ልጇ፤ ነገ ልደትም ታድጋለች፤ ከዚያ ለአንድ ሰው የሚሆን ሳሕን ይገዛል ማለት ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ የልደትን እጅ ያዘችና ወጣች።

ሴት ወንዶቹ ምንጣፍ ዘንድ አትሄድም። ዐሥራ ስምንቱም ዓይናቸውን ሰበሩ። ሐጅ ኦመር ብቻ ቀና ብለው፣ «ተፈደሊ፣ ያ ኡም ልደት፤ ቅረቢ፣ የልደት እናት፤ ምነው፣ በደኅና?» አሉ። ጸሐይወርቅ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ትሕትና የተሞላ ዐረብኛ ነበራት፤ ስትደርስ ሁሉም ጠፋባት። ከባሏ አፍ በየቀኑ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

«ገብረየስ ዛሬ ቤቱ ገብቶ ካልበላ፣ ዐለይ ጠላቅ!»

የገብረየስ እጅ አፉ ዘንድ ሳይደርስ ቆመ። ውሃ ሲቀዳ የነበረው ሰውዬ ኩባያው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ቀዳ። ጸሐይወርቅም ያለችው ነገር ለራሷ ገና ያኔ ተሰማትና አማተበች። እሷና ገብረየስ በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ በማይፈታው ትዳሯ ልፈታ ብላ ማለች። ግን ወደ ኋላ አላለችም።

አንድ ጎረምሳ፣ ይህ የወንድ መሐላ ነው፣ ሴት በጠላቅ አትምልም ብሎ አጉረመረመ። ጸሐይወርቅ ይህን ጊዜ ዐረብኛውን ተወችው፤ በአማርኛ ተናገረች፣ ልደትም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች።

«እርስዎ የማያውቁት መንገደኛ እንዲበላልዎት ሚስትዎን ከፈቱ፣ እኔ የገዛ ባሌ እንዲበላልኝ ራሴን ብፈታ ምን ነውር አለው? በቀን አንዲት ሰዓት ናት ያለችን። እሷን መልሱልኝ።»

የሐጅ ኦመር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተቆጡ ሲባል ሳቅ ይዟቸው ኖሯል። ቆባቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉበት።

«ተነሥ፣ ያ አቡ ልደት» አሉ። «አርባ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ሰው ላይ ስምል እኔ ላይ የማለ አልነበረም። ለካ እንዲህ ይከብዳል። ልጁንም ውሰድ፤ የሰው ቤት በእኛ እጅ አይፍረስ።»

አራቱም በጭቃው መንገድ ተያይዘው ገቡ። ከኋላቸው ከምንጣፉ አንድ ትሪ ተላከላቸው፤ ሐጅ ኦመር ተሸንፈውም ማብላት አልተዉም። ትልቁ ሳሕን ቀረበ። ገብረየስ አንገቱን ደፍቷል፤ ነቢዩ አንዴ እናቱን፣ አንዴ አባቱን ያያል።

«አባዬ፣ እማዬ በዶሮ ምክንያት ልትፈታ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

ጸሐይወርቅ እጇ አየር ላይ ቀረ። አንዲት የዐረብኛ ቃል የለችበትም! ልጁ በተወለደ በስድስት ዓመቱ ከራሱ እስከ እግሩ አማርኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ የተናገረውም ስለ እናቱ መፈታት ነው። ሳቋ መጣ። ሙሉ ጉርሻ፣ ከነሙሉ እንቁላሉ አጎረሰችው። ልደት ለአስተርጓሚነቴ ይገባኛል አለች፤ እሷም ተሰጣት። ገብረየስ ሱሪው እንደጠበበው እንጀራውን መጠቅለል ጀመረ። በዝግታ ጠቀለለ፣ አጠቀሰ፣ እንደገና ጠቀለለ። ከዚያ አጎረሳት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎም ሳትውጥ ሁለተኛውን ደገማት። ጸሐይወርቅ አፏ ሞልቶ፣ ዓይኗም ሞልቶ ተቀመጠች። በዚያች ሰዓት የሪያድን ቤት ከነመኪናው ክፍል ቢሰጧት ይቅርብኝ ትል ነበር፤ መናገር ብትችል።

በማግስቱ ዐርፍዳ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። የሐጅ ኦመር ሚስት፣ ሐጃ ዛሂራ ናቸው፤ በሳሕን ተምር ይዘዋል። ገብተው ተቀመጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። መሄጃቸው ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኦመር አርባ ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ እንደፈታኝ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?» አሏት። «አንዱንም መንገደኛ አላውቀውም። እስቲ ማታ እንዴት ብለሽ እንዳልሽው ድገሚልኝ።»

ጸሐይወርቅ ደገመችላቸው። ሐጃ ዛሂራ ሁለት ጊዜ በከንፈራቸው ብለው አዩት፣ አመስግነውም ሄዱ።

በዚያ ማታ ራክሻው ከአዛኑ በፊት ደጃፉ ላይ አሳለ። ወጡ ገና እሳት ላይ ነበር፤ ጸሐይወርቅ ተሯሯጣ አቀረበች። ልደት ፀሐይዋን አወጣች፣ አገባች። ነቢዩ በግማሽ ዐረብኛው ግማሽ ጉርሻውን ተቀበለ። ገብረየስ እንጀራውን እየጠቀለለ ያስብ ነበር።

«የሚገርምሽ፣ ዛሬ የሚያስቆመኝ ሰው አጣሁ» አለ። «ሐጅ ኦመር ምንጣፉ ላይ የሉም። አርባ ዓመት ቀርተው አያውቁም አሉ፤ አሟቸው ይሆን?»

ጸሐይወርቅ ልትነግረው አፏን ስትከፍት አጎረሳት።