«አጥፍቻለሁ» ብዬ የፈረምኩ ለት

ከሐይቅ ከተማ የወጣን ለት ንጋት ላይ እናቴ የአምስት ዓመት ልጄን ሐያትን ጭምቅ አድርጋ አቅፋ፣ «ይቺን እንኳ ተይልኝ» ብላ ለመነችኝ። «ልጅ ያለ እናቷ ታድጋለች እንዴ?» ብዬ ነጠቅኋት። አፌን በቆረጠው!

መቐለ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። ሰዉ ደግ ነው፤ ብቻ የሐይቅ ልጅ ሆኜ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ተሰለፍኩ፣ ወላሂ። ፈረቃ ስገባ ልጄ ላይ ቆልፌ እሄዳለሁ፤ ማን ዘመድ አለኝና? አንድ ቀን ስመለስ በሩ ተገንጥሏል። አከራዬ አደይ ገነት ደጅ ተቀምጠዋል። እዚህ ትልቅ ሴት «አደይ» ነው የምትባለው።

«ልጄስ?»

«አለቀሰች፤ ፖሊስ ጠራሁ፤ ወሰዷት። ቁልፉን ግን አንቺ ታሠሪያለሽ፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ክው አልኩ። እየሮጥኩ ጣቢያ ደረስኩ። መርማሪው «ጠበቃ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ምን ሰርቄ!»

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ቀድሞ «አጥፍቻለሁ» ያለ ነው የሚከበረው። ባያጠፋም ይላል፣ ነገሩ ይበርዳል። እኔም «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩና ፈረምኩ። አሁን ያመጡልኛል ብዬ በሩን በሩን አያለሁ። የሰጡኝ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው።

እዚያ ለተብርሃን የምትባል ወጣት ጠበቃ በነፃ ልትቆምልኝ መጣች።

«ማን ላከሽ?»

«መንግሥት።»

ያ አላህ! የወሰደብኝም መንግሥት፣ የሚሟገትልኝም መንግሥት! መዝገቡን አንብባ ግንባሯን ያዘች።

«ሓፍተይ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ልጄን በድያለሁ ብለሽ እኮ ነው የፈረምሽው።»

«ለዕርቅ ነዋ!»

«ይሄ ሽምግልና አይደለም። ይሄ የእምነት ቃል ነው።»

በገዛ አፌ ልጄን አስረከብኳት ማለት ነው! ለተብርሃን ግን ችሎት ፊት በትግርኛ ተሟገተችልኝ፤ ግማሹ ባይገባኝም እንደ እህት እንደቆመችልኝ ገባኝ። ዳኛዋም ስሠራ ልጄን የሚጠብቅ ሰው እንዳቀርብ አዘዙ፤ እስከዚያ ካለችበት የሕፃናት ማቆያ እየሄድኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እንዳያት።

«እናትሽን ጥሪያት» አለችኝ ለተብርሃን። «ሌላ መንገድ የለንም። ዛሬውኑ ንገሪያት።»

ሦስት ቀን ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። በአራተኛው እናቴ ራሷ ደወለች።

«እስቲ ሐያትን ስጪኝ፣ ድምጿ ናፈቀኝ።»

«ትምህርት ቤት ናት፣ እማዬ።»

«ልጄ» አለች እናቴ፣ «ዛሬ እኮ እሑድ ነው።»