ሮሳልባ ያለችው፣ እኔ የጻፍኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእሳቸው ዓመት በዓመት የማቀርባቸው ኃጢአቶች የታወቁ ናቸው፤ በጾም የቀመስኩት አይብ፣ ካዚኖ ጎራ ብዬ የጣልኳት ጥቂት ብር፣ በማኅበር ላይ ያማኋቸው ሰዎች። አባም ፈገግ እያሉ ይፈቱኛል። ይህችኛዋን ግን ደብቄ ይዣታለሁ። እናንተም ባትስቁልኝ ደስ ይለኛል፤ ማሳቅ ነው ያጠፋኝ።

ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሺፍት ኃላፊ ነበርኩ። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ደርቦ እንደሚሠራ የምደለድለው እኔ ነበርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ራሴ ልብ እንዳልለው ብዙ ተጠንቅቄያለሁ። ሠራተኞቼ ባብዛኛው ከሜክሲኮና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሴቶች ናቸው። ስፓኒሽ የተማርኩት ስደተኛ ሆኜ እንደመጣሁ፣ የሆቴል ኩሽና ውስጥ ሳህን ሳጥብ ስለሆነ መጀመሪያ ስድቡን፣ ኋላ ሰላምታውን ነው ያወቅኩት። "ዶን ተክሌ" ይሉኛል፤ እኛ "ጋሼ" እንደምንለው ነው። ጋሼነቴን እወደው ነበር፣ እኔ ሽማግሌ ቱልቱላ።

አንድ ቀን አንዲት ተመራማሪ መጣች። የጤና ሠራተኞች በሥራቸው ምን ያህል እንደዛሉ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ መጠይቅ ወደ ስፓኒሽ ተመልሶ፣ እኛ ጋ ሊሞከር ነው። ጥያቄውን ታነብላታለህ፣ ሠራተኛዋ ምን እንደተረዳችና ምን እንደተሰማት በራሷ አፍ ትናገራለች፣ አንተ ትጽፋለህ። የትኛው ጥያቄ እንደሚቆይ፣ የትኛው እንደሚለወጥ የሚወሰነው በዚያ ነው። ቋንቋ የሚችልና ሠራተኞቹ የሚያከብሩት ሰው ሲፈለግ ማን እጁን አወጣ? እኔ። ሺፍታቸውን የምደለድለው እኔ መሆኔን ለተመራማሪዋ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝማ። እሷም ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ያሉትን እንዳሉት ይጻፉ። አያሳምሩት።"

ሮሳልባ ገባች። በሽተኛ ስታገላብጥ የምታንጎራጉር፣ አረጋውያኑን የልጅ ልጆቻቸውን ስም እየጠራች የምታጫውት ሴት ናት። "ሥራዬ አንጠፍጥፎ ጨርሶኛል" የሚለውን ጥያቄ አነበብኩላት።

"ይሄ እኔ ነኝ፣ ዶን ተክሌ" አለች። "ደወሉ ሲጮህ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ቤቴ በር ላይ ደርሼ ከመኪናዬ መውረድ ያቅተኛል። የሚያለቅስ ሰው ሳጥብ ምንም አይሰማኝም። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።"

ምን አልኩ? ቀለድኩ። "አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ከደከመሽ፣ መቃብሬ በር ላይ ፓርክ ያደረግሁት እኔ ምን ልበል?" ሳቀች። አለቃዋ ቀልዶ ምን ታድርግ? ከዚያ ድምፄን እንደ አባት አለሳልሼ ቀጠልኩ።

"ልጄ፣ እንጀራ እያለሽ እንዲህ አይባልም። እኛ አገር ሰው እየሞተ እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው።"

"እኛም ጋ እግዜር ይመስገን ይባላል።"

"እንግዲያው እሱን ልጻፍልሽ?"

"እንዳሉ ይሁን፣ ዶን ተክሌ።"

ጻፍኩ። "አልደከመኝም ብላለች፤ አምላኳን ታመሰግናለች።" እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በዚህ እጄ። ተመራማሪዋ መልሶቹን ለመገምገም በጠራችው ስብሰባም ላይ ተነስቼ "እነዚህ ሃይማኖተኞች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስቀይማቸዋል" ብዬ ስለ ባህል ሰበክሁ። አመኑኝ። ጥያቄው ተለውጦ "አንዳንዴ ዕረፍት ያምረኛል" ሆነ። ከተፈጠረ ጀምሮ የተቀመጠው የከተማችን ተራራ፣ ሎን ማውንቴን እንኳ አንዳንዴ ዕረፍት ሳያምረው አይቀርም።

የምን ባህል? ሰው በጎደለ ቁጥር ደርባ እንድትሠራ የማደርጋት እሷን ነበር፤ እምቢ ማለት አታውቅማ። ቃሏ ቢጻፍ ነገሩ ዞሮ እኔ ደጃፍ ይመጣል። ፈራሁ። ፈሪነቴን የአገሬን ካባ አልብሼ አወጣሁት። የእግዚአብሔርንም ስም ለጥፌበት።

ብዙም አልቆየም። ደርባ ሠርታ ስትመለስ ሀይዌይ ላይ መሪ እንደጨበጠች እንቅልፍ ጣላት፤ መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ግንብ ተላተመ። ተረፈች። ትከሻዋ ግን ከዚያ ወዲያ ሰው ማንሳት አልቻለም፤ የምትወደው ሥራ በዚያው ቀረ። አስተዳዳሪው ቢሮው አስጠርቶ "ደክሞኛል ብላህ ታውቃለች?" አለኝ።

"አንድ ቀንም" አልኩት።

ድካሟን ደብቃ መኪና ነዳች ተባለ። ጥፋቱ የእሷ ሆነ። እኔስ? እኔማ ለጡረታዬ ኬክ ተቆርጦልኛል። ሁለት ቁራሽ በላሁ።

በቀደም ነዳጅ ስቀዳ አገኘኋት። አሁን ኤፔክስ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ዕቃ ስካን ታደርጋለች። "እንዴት ነዎት፣ ዶን ተክሌ?" አለችኝ። እኔ ጅሉ ምን ብል ጥሩ ነው?

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

ወደ እኔ ዞረች።

"ደክሞኛል" አለች። "አሁን ይጻፉት።"

ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ይቅር በይኝም አላልኳት። ብላት ኖሮ እኔን ማጽናናት የእሷ ሥራ ይሆን ነበር፤ ያም ሌላ ሺፍት ነው። እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ የእናንተ ዕዳ አይደለም። የታዘዝኩትን ብቻ ልፈጽም። ሮሳልባ ጥያቄው በተነበበላት ጊዜ ያለችው፣ ሳላሳምረው፣ ይኸውና፤

"ይሄ እኔ ነኝ፣ ዶን ተክሌ። ደወሉ ሲጮህ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ቤቴ በር ላይ ደርሼ ከመኪናዬ መውረድ ያቅተኛል። የሚያለቅስ ሰው ሳጥብ ምንም አይሰማኝም። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።"