ከኋላ ያለው ወንበር

ብርቱካን ሲላጥ ሽታው አፍንጫዬን እንደነካው ሳላውቀው ጉልበቴን ገጥሜ እቀመጣለሁ። ትናንት አንቺ ስትልጪ ፊቴ ተለዋወጠብሽ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ወልድያ ኮሌጅ እማር ነበር። ቅዳሜና እሁድን መርሳ ቤተሰቦቼ ጋ አሳልፌ ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ እመለሳለሁ። ከዚያ መኪና የማይጠፋ አንድ ሰው ነበር፤ ኮት የሚለብስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ አክብሮ ሰላም የሚለው የቢሮ ሰው። አንድ ሰኞ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ፤ አመስግኜ በላሁ። ሲሪንቃን ሳናልፍ ኮቱን አውልቆ በጭኑና በጭኔ ላይ ዘረጋው። ከኮቱ ሥር እጁ መጣ። እስከ ወልድያ ድረስ ጉልበቴን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ብርቱካኑን ባልቀበለው ኖሮ አይደፍረኝም ነበር እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ከአብሮ አደጌ ጋር ነበር የምሄደው፤ እሷም እዚያው ኮሌጅ ተማሪ ናት። ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አንዱ ከሰውዬው አጠገብ፣ ሌላው ከኋላው። ቀድሜያት ገባሁና ከኋላ ተቀመጥኩ። ምንም አላልኳትም።

መንገድ ላይ ትከሻዋ ወደ መስኮቱ ሲሸሽ አየሁ። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ዓይኔን ፈለገችው። እኔ ውጭ ውጭውን፣ የማሽላውን ማሳ አየሁ።

የተናገሩት ከእኛ በፊት ከውርጌሳ የተሳፈሩ፣ ከእኔ ጎን የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ሰብስብ።»

«እማማ፣ መኪናው ጠቦ እኮ ነው።»

«ለእኔ አልጠበበኝም። ሹፌር፣ አቁምልኝ። እሱ ካልወረደ ወላሂ እኔ እወርዳለሁ።»

አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ሰዓት ረፈደብን ያለም ነበር። ረዳቱ ግን በሩን ከፈተ። ሰውዬው ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወረደ። እናትየዋ በእሱ ቦታ ገብተው ወልድያ እስክንደርስ የጓደኛዬን እጅ ይዘውላት ሄዱ።

መናኸሪያው ስንደርስ፣ «አይተሽ ነበር?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ከሰዓት ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

አምና ጓደኛዬ ስትወልድ አራስ ልጠይቅ መርሳ ሄድኩ። ጠያቂው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ የኮቱንም፣ ቀድሜ የያዝኩትን ወንበርም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አንቺንም?» አለች።

«እኔንም።»

«ብትነግሪኝ እኮ ሁለታችንም አንሳፈርም ነበር። ቀጣዩን መኪና እንጠብቅ ነበር።»

ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስተኝታልኝ ውሃ ልትጠጣ ተነሳች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እስክትመለስ የልጅቷን ጣቶች እያየሁ ተቀመጥኩ።