ደም መላሽ ያደረግኋት ቅድስት

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ከዓለም ባንክ ሰፈር መጥታ የአንዲት ካቶሊካዊት ቅድስት ገድል ታነብልኝ ጀመር። ቅድስቲቱ የደናግል ማኅበር የመሠረተች ጣልያናዊት ናት። ሁለት ገጽ እንኳ ሳትሄድ ማን እንደሆነች አወቅሁ። በዚህች ሴት ስም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ዋሽቻለሁ።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ እነዚያ ደናግል ኮልፌ ላይ ሐኪም ቤት ከፍተው ነበር። እኔ ፋሻ አጥብላቸዋለሁ፤ ቋንቋቸውንም እዚያው ለቃቀምኩ። ጠዋት በሽተኛው ተራ ሲጠብቅ አሮጊቷ መነኩሲት የመሥራቻቸውን ሕይወት ትተርካለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ክረምት ስለነበር ሰዉ በባሕር ዛፉ መንገድ ጭቃ ተለውሶ ይመጣና የባቄላ አሹቁን እየቆረጠመ ያዳምጣል።

አንድ ማለዳ ከበሽተኞቹ መካከል ጎረቤታችንን ወልዴን አየሁት። ወንድሜን ጠመንጃ ደብቋል ብሎ ለጣልያን የጠቆመው እሱ ነው። ወንድሜን በዚያው ቀን ረሸኑት። አሁን ወልዴ እግሩ መግል ይዞ፣ እኔ ያጠብኩት ፋሻ ሊታሰርለት ይጠብቃል።

የዚያን ቀን ትረካ፣ የማኅበሩ መሥራች የወንድሟን ገዳይ ታሞ አግኝታ ቁስሉን በእጇ እንዳጠበችለት ነበር። እኔ ግን ወልዴን እያየሁ፣ ሰባት ቀን ጾማ አለቀሰች፣ በስምንተኛው የገዳዩ እግር በስብሶ ሞተ አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ስንቷ ልጇንና ባሏን ቀብራለች። በማግስቱ ሥዕሏ ሥር ጧፍ እያበሩ፣ ደማችንን ብትመልሺልን ጃንጥላ እናስገባለን ብለው ተሳሉ። መነኩሲቷ ልባቸው በፍቅር የተነካ መስሏት አለቀሰች።

ወልዴም በግ እየጎተተ መጣ።

«ልጄ፣ ይቺን ለሷ አድርሺልኝ። ትማረኝ» አለኝ በሩ ጥግ።

«የሷ ስለት የሚሠምረው ለተበደለ ሰው ነው፣ ጋሼ። በጉን ይመልሱት» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ደጃፉን አልረገጠም። መነኩሲቷ የቁስሉ ነገር አላምር ብሏት፣ ሄደሽ ጥሪው ብላ ሁለት ጊዜ ላከችኝ። ሁለቴም ደጁ ደርሼ ሳልጣራ ተመለስኩ። መስቀል ሳይደርስ ሞተ።

የልጅ ልጄ አንብባ ስትጨርስ ይቅር ባይነት እንዴት ደስ ይላል አለችኝ። ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይቺን የወልዴን ግን አልነካኋትም፤ ለመናዘዝ መጸጸት ያስፈልጋል። ሞቼ ቅድስቲቱ ፊት ብቀርብ፣ በስሟ ስለዋሸሁ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። እዚያም የወልዴን እግር ስታጥብ ካገኘኋት ግን ውሃ አላቀብላትም።