እምቢ እንዲሉን ለመለመን ወደ ኤቨረት

ሬኒየር ቢች፣ ንጋት

ገና ጎሕ ሲቀድ ከሰፈራችን ከሬኒየር ቢች ወደ ኤቨረት ከተማ ተነሣን። "ሽማግሌ በማለዳ ካልሄደ ጉዳይ አይቀናም" ባዩ ጋሽ ታደሰ በጋቢያቸው ላይ የዝናብ ጃኬት ደርበው ከፊት ተቀምጠዋል። የሚነዳው የእህቴ ልጅ ናሆም ነው። ማሪሶል የምትባል የሜክሲኮ ልጅ ወድዶ፣ "እሷን ካላገባሁ ሚስት የሚባል አልፈልግም" ብሏል። ወላጆቿን ልንጠይቅ ነው። ልጅቱ በራሷ ሽምግልና ላይ አትቀመጥምና አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

"ስፓኒሹ እንዴት ነው?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

"ምንም አይል" አልኩ። በሆዴ ግን ያጠናኋቸውን ጥቂት ቃላት እደጋግማለሁ።

አውራ ጎዳናው፣ ወደ ሰሜን

ዝናብ፣ የጭነት መኪና፣ ደግሞ ዝናብ። ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ አብራኝ የምትሠራ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሴትዮ መክራኛለች፦ "'እንፈልጋለን' ካልክ ጠረጴዛ እንደ መደብደብ ነው። 'ኖስ ጉስታሪያ' በል፤ 'ደስ ይለን ነበር' ማለት ነው። ስትለምን ደግሞ 'ፖድሪያ' አለልህ፤ 'ይችሉ ይሆን' እንደ ማለት።" ትሕትናን በግሥ የሚሠራ ሕዝብ ደስ ይለኛል።

"አጎቴ፣ ሶ፣ ነገሩ ከተበላሸስ? ፕሊስ ፕራክቲስ አድርግ" ይለኛል ናሆም።

ኤቨረት

ናሆም መኪናውን ፓርክ አድርጎ እዚያው ቀረ። የማሪሶል አባት ዶን ራሞን በነጠላ ጫማ በሩን ከፈቱልን፤ ሚስታቸው ዶኛ ሉዝ ከኋላቸው ቆመዋል። ተቀመጡ ቢሉን ጋሽ ታደሰ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። እኔም "ኖስ ጉስታሪያ" ብዬ ልጅዎን ለልጃችን ቢሰጡን ደስ ይለን ነበር አልኩ።

"እንዴታ! ናሆምን እንወደዋለን፤ ሰጥተናል!" አሉ ዶን ራሞን።

ስተረጉምላቸው የጋሽ ታደሰ ፊት ጠቆረ። "በአንዴ? ልጅቱ ምን ሆና ነው? እኔ ሦስቴ ተመላልሼ ነው ያገባሁት! እምቢ ይበሉን።"

የልጅቱ ወገን "እንማከርበት" ብሎ ካልቀጠረ ጋሽ ታደሰ አይመርቁም፤ እሳቸው ካልመረቁ እህቴ አትደግስም። ያለኝን ትሕትና ሁሉ አሰባስቤ፣ "ዶን ራሞን፣ ፖድሪያ... እምቢ ሊሉን ይችሉ ይሆን?" አልኳቸው።

"ልጄን አትፈልጓትም?" ድምፃቸው ከፍ አለ።

"እንፈልጋታለን! በእኛ ወግ ግን የተከበረች ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም።"

ዶኛ ሉዝ ባላቸውን ገፋ አድርገው ወደፊት መጡ። "ኖ!" አሉ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። "እንማከርበታለን። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ!" አቤት ደስ ሲላቸው! ጋሽ ታደሰም ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

መልስ

ናሆም መስኮቱን አውርዶ "ምን አሉ?" አለ።

ጋሽ ታደሰ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። "እምቢ አሉን፣ ልጄ። የጨዋ ልጅ ነው ያገኘኸው፤ እንኳን ደስ ያለህ!"