አረንጓዴ ያደረግሁት ፈተና

በሱዳን፣ በገዳሪፍ ገበያ ጥግ የሰሊጥ አጫጆችን ስልክ እየጠገንኩ በምኖርበት ዘመን፣ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ ነበረኝ። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር የሚባል ነገር አለ። ከየአገሩ ተሰባስበን በኢንተርኔት አብረን እንሠራው ነበር። ይህ ኮምፓይለር አንዳንድ ስሌት ላይ አንዲት ትእዛዝ ውጦ ያስቀራል፤ እኔ ደርሼበት አረምኩት። እርማቴ እንዲገባ ግን ፈተና ያስፈልገዋል። ኮምፓይለሩ የሚያወጣው አሴምብሊ፣ ማለትም የማሽኑ ትእዛዞች ዝርዝር፣ እኔ ከምጠብቀው ጋር መመሳሰል አለበት።

ይህም በሦስት ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ነው። በእኔ ሊኑክስ ያልፋል። በማክ ይወድቃል፤ እዚያ ከስም ፊት የግርጌ ሰረዝ ይጨመራል። ያንን ሳስተካክል በዊንዶውስ ይወድቃል፤ እዚያ ደግሞ ቁጥሮቹ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱም የሉኝም። የላክሁትን ሩቅ አገር ያሉ ማሽኖች ሞክረው እስኪመልሱልኝ፣ ያውም መብራት ካለ፣ ቀኑ ይመሻል። መረረኝ። ማክ ያለውን ሰው ሁሉ ጠላሁ።

አዲሱ እትም ሊወጣ ሲል የሥራው ኃላፊ «ፈተናው እስከ ሐሙስ ካላለፈ እርማትህን እንሰርዘዋለን» ብሎ ጻፈልኝ። እዚሁ ሱዳን ያደገችው ሚስቴም ታክታለች።

«ኸላስ፣ ተወው በቃ። አንተ ያገባኸው ይሄን ሳጥን ነው እንጂ እኔን አይደለም።»

«ይቺን ብቻ» አልኳት።

ረቡዕ ዕለት የሚያጣላኝን መስመር ሁሉ ከፈተናው መቁረጥ ያዝኩ። ሐሙስ ረፋድ ላይ በሦስቱም የማለፊያው አረንጓዴ ምልክት መጣ። ሚስቴ ምልክቱን አይታ ከእኔ በላይ ደስ አላት፤ ቀዝቃዛ የከርከዴ አበባ መጠጥ ቀድታ ሰጠችኝ።

እየጠጣሁ አንድ ነገር ከነከነኝ። እርማቴን አወጣሁና ፈተናውን ትእዛዝ በሚውጠው በድሮው ኮምፓይለር ላይ ደገምኩት። መውደቅ ነበረበት፤ አሁንም አረንጓዴ። ለካ ስቆርጥ ያቺን ትእዛዝ የሚጠብቃትን መስመር አብሬ ቆርጫታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልቀረኝም። ፈተናዬ ሰሊጡ የረገፈበት ነዶ ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። በጣምም ደክሞኝ ነበር። ለኃላፊው «አታስገቡት፤ ፈተናው ምንም አይፈትንም» ብዬ ጻፍኩ።

«አለፈ አይደል?» አለችኝ ሚስቴ።

«አላለፈም።»

ኸላስ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብርጭቆዬን ደግማ ሞላችልኝና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።